ጤፉም ጋሸበ፣ የአባቴም ወገብ ተያዘ

ሰላም ናችሁ የአምዱ ወዳጆች? በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የቆያችሁት እንደምታውቁት እኔ በሙያዬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ቢሾፍቱ የጤፍ ምርምር ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ ቴክኒሻን ነው፣ ስለዚህ የእርሻ ጥያቄ ሲመጣ ለሱ ደውዬ ነው የምመልሰው። የዛሬው የመጀመሪያ ደብዳቤ ግን ሁለታችንንም እኩል የሚመለከት ሆነና ብዙውን ቦታ ወሰደብኝ፣ ሌሎቻችሁ በሚቀጥለው ትካሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ፣ እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ቤተሰቦቼ ግን ዱከም አካባቢ ገጠር ናቸው። አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ጤፍ እያጨዱ ወገባቸው ቀጥ አለባቸውና ተሸክመን ነው ቤት ያስገባናቸው። ኤምአርአይ ተነስተው ዲስክ ተንሸራቷል ተባለ፣ ለሁለት ወር ሳንቃ ላይ ይተኙ አሉን። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናቸው፣ ጭራሽ ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም። ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ይሻቸው እያለ አስቸገረን። ሌላው፣ ዘንድሮ ጤፋችን በሙሉ ጋሽቦ መሬት ላይ ተነጥፎ ነው የታጨደው። የማይጋሽብ ዝርያ የለም ወይ? ስንዴ በኮምባይነር እየታጨደ ጤፍ ለምን በእጅ? (የአርሶ አደር ልጅ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ሌላውን ከማንበብህ በፊት ስልክ አንሳና እነዚህን ጠይቃቸው። ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ብሏቸዋል ወይ? መቀመጫቸውና ጭናቸው መሀል፣ በቅሎ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ደንዝዟል ወይ? ሲራመዱ የአንድ እግራቸው ጫፍ መሬት እየጎተተ ነው ወይ? ከነዚህ አንዱ ካለ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳቸው፣ ነገ አይባልም፣ የተጨቆነ ነርቭ ቀጠሮ አይጠብቅም። ማታ ማታ የሚያልባቸው፣ የሚያተኩሳቸው፣ የሚከሱ ከሆነም ለሐኪም ንገር፣ የአከርካሪ ቲቢ የሚባል ነገር አገራችን ውስጥ አለና እሱን ሳያረጋግጡ የወገብ ስፖርት አይጀመርም።

ከነዚህ ምንም ከሌለ ግን ተንፈስ በል።

አሁን ስለ ኤምአርአዩ ላውራህ፣ ምክንያቱም ሰው ከህመሙ እኩል በወረቀቱ ነው የሚታመመው። "ዲስክ ተንሸራቷል" ሲባሉ ወገባቸው እንደ ሸክላ የተሰነጠቀ ነው የሚመስላቸው፣ ከዚያ በኋላ ለመንቀሳቀስ ይፈራሉ። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ፣ ምንም የወገብ ህመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ምስል ከተለያዩ ጥናቶች ሰብስቦ ያየ ስራ አለ። የዲስክ ማበጥ የታየው 20 ዓመት ከሆናቸው 30 በመቶ ላይ፣ 50 ዓመት ከሆናቸው 60 በመቶ ላይ፣ 80 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 84 በመቶ ላይ ነው። እደግመዋለሁ፣ እነዚህ ሰዎች ወገባቸውን አያማቸውም። በአባትህ ዕድሜ ያለ፣ እየሮጠ ታክሲ የሚይዝ ሰው ብታስነሳው ያንኑ ወረቀት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ምስሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ ዲስክ ነርቭ ነክቶ እግር ድረስ የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ፣ ግን ያ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሳንቃው ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። ይሄ ምክር ድሮ በየአገሩ ይሰጥ ነበር፣ እኛ ጋ ዛሬም አለቀቀንም፣ በዚህ ምክንያት ስንት ጤነኛ እግር ሲሰነፍ አይቻለሁ። የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ፍርሃቱ ይጨምራል፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፣ ህመሙ በዚያ ላይ ይብሳል። ከባድ ህመም ሲኖር አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ያባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚታዘዘው መንቀሳቀስ ነው። አባትህ ለምን ባሰባቸው ላልከኝ፣ እኔ እንደምገምተው ከዲስኩ ይልቅ ሦስት ሳምንቱ ነው የጎዳቸው።

እንዲህ አድርጉ። ዛሬ እስከ ግቢው በር ድረስ ደርሰው ይመለሱ፣ ዱላም ይያዙ ግድ የለም፣ አምስት ደቂቃ ትሁን ግን በቀን አራት አምስት ጊዜ። ነገ ከነገ ወዲያ ትንሽ ጨምሩ። በየመሀሉ በሆዳቸው ይተኙ፣ መጀመሪያ ዝም ብለው፣ ከዚያ ክርናቸውን ደገፍ ብለው ደረታቸውን ቀና ያድርጉ፣ ሲለምዱት ደግሞ በመዳፋቸው መሬቱን እየገፉ ከወገብ በላይ ቀና ይበሉ፣ ዳሌያቸው ግን ከምንጣፉ አይነሳ፣ አሥር ጊዜ። ይሄን አደራረግ ዓለም የለመደው ሮቢን ማኬንዚ ከሚባል የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት ነው። በፈረንጆቹ 1956 ነው፣ አንድ በሽተኛው ከበላይ በኩል ቀና እንዳለ የተረሳ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ጠበቀው። ማኬንዚ ሲመለስ ሰውየው ወገቡ ወደ ኋላ ተለጥጦ አገኘውና ደነገጠ፣ ሰውየው ግን እንዲህ ተሽሎኝ አያውቅም አለ። በድንገት ነው የተገኘው፣ ቁም ነገሩ ግን ማኬንዚ ያየውን ንቆ አለማለፉ ነው።

አንድ ምልክት ልስጥህ፣ በደንብ ያዛት። ይሄን ሲሰሩ እግር ድረስ ይወርድ የነበረው ህመም ወደ ላይ እየተሰበሰበ ወገብ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ወገቡ ራሱ ትንሽ ቢብስም እንኳን፣ ጥሩ መንገድ ላይ ናቸው። ከወገብ ተነስቶ ወደ ባት ወደ ጣት መውረድ ከጀመረ ግን አቁሙና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ሲሻላቸው ደግሞ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት ይጨመራል፣ ጉልበት የሚሆናቸው እሱ ነው። ወጌሻውን በተመለከተ፣ ቀስ አድርጎ ቅባት መቀባትና ማሸት ለጊዜው ያሳርፍ ይሆናል፣ አልጣላውም። ወገብ ላይ መቆም፣ መጠምዘዝ፣ "አጥንቱን መመለስ" የሚባለው ግን በፍጹም አይሆንም።

አሁን ወደ ጤፉ። ያልጠበቅኩት ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ዓምና አንድ የአድአ ገበሬ አክሜ ነበር፣ ወገቡን ነው እሱም። እስቲ እንዴት እንደምታጭድ አሳየኝ አልኩትና ክፍሉ ወለል ላይ ማሳያ ያህል አጎነበሰ። ግራ እጁ ይጨብጣል፣ ቀኝ እጁ ማጭዱን ይስባል፣ እግሩ በርከክ ብሎ እየተራመደ ነው፣ ሰዓቴን አየሁ፣ አራት ደቂቃ አንድም ጊዜ ቀና አላለም፣ ለማሳያ ነው እንግዲህ፣ ማሳ ላይ ስንት እንደሚሆን አስበው። ከዚያ "ይሄ የቆመ ጤፍ ነው፣ የጋሸበው እንዲህ ነው" አለና ጭራሽ ጣቶቹ ወለሉን እስኪነኩ ወረደ። የተነጠፈውን መጀመሪያ በእጁ ከአፈሩ ላይ ማንሳት አለበት፣ ከዚያ ነው የሚያጭደው። የቆመ ጤፍ የሚታጨደው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው፣ የጋሸበ ግን አፈር ላይ ነው የሚለቀመው፣ ያቺ የአንድ ክንድ ልዩነት ወገብ ላይ ነው የምትከፈለው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ የጠየቅከኝ እየመሰለህ የጠየቅከው አንድ ነው፣ የአባትህን ወገብ የያዘው የጋሸበው ጤፍ ነው።

ለምን ይጋሽባል? አገዳው ቀጭን ነው፣ ሥሩ ጥልቅ አይደለም፣ ራሱ ፍሬ ሲይዝ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ይተኛል። ዩሪያ ሲበዛበት ደግሞ ተመዞ ያድግና ጭራሽ አይቆምም። ስንዴም ድሮ እንዲህ ነበር፣ በኋላ ኖሪን 10 ከሚባል አጭር የጃፓን ስንዴ የተገኘውን ባህርይ ኖርማን ቦርላውግ ሜክሲኮ ውስጥ ከሌሎች ጋር አዳቅሎ አጭርና ማዳበሪያ የሚሸከም ስንዴ አወጣ፣ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው በዚህ ስራው ነው። ኮምባይነር የሚገባበት ያ ስንዴ ነው። ጤፍን ግን ዓለም አያውቀውም ነበርና የራሳችን ሰዎች ከዜሮ ነው የጀመሩት።

ከዜሮ ስልህ በእውነት ነው። ለረጅም ጊዜ ጤፍ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር፣ ከገበሬው ማሳ ጥሩ ጥሩውን መምረጥ ብቻ ነበር የሚቻለው። አበባው ደቂቅ ነው፣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ተከፍቶ ያየው አልነበረም። በፈረንጆቹ 1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈትበትን ሰዓት አገኘው፣ ማለዳ ነው፣ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ይዘጋል። አንድ ቀን ወንድሜ ሳይነጋ ይዞኝ ሄዶ አሳይቶኛል። ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ አጉሊ መነጽር ስር ጎንበስ ብሎ፣ ከፀጉር በማትሻል ወረንጦ፣ ከእያንዳንዷ አበባ ሦስት ሦስት የወንዴ ዘር መያዣ ሲያወጣ አመሸ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚሰራው፣ አንዷ ከፈነዳች ልፋቱ ገደል ገባ። ማለዳ ከሌላው ዝርያ ያመጣውን የወንዴ አበባ ዱቄት ነካ ነካ አደረገላቸው። ከዚያ ሁሉ ልፋት የሚገኘው ጥቂት ፍሬ ነው፣ ጤፍ ደግሞ አንድ ግራም ለመሙላት 3,000 ገደማ ፍሬ ይፈልጋል። ያቺን ጥቂት ፍሬ ዘርተህ፣ ልጆቿን ዘርተህ፣ የልጅ ልጆቿን ዘርተህ፣ ከመቶዎቹ መሀል እየመረጥክ ዓመታት ይሄዳል። ወንድሜ ዛሬ አንገቱን ያመዋል፣ እኔ ነኝ የማክመው።

ቁንጮ እንዲህ ነው የተገኘው። ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል በፈረንጆቹ 2006 ያወጣው፣ የዱከምና የማኛ ልጅ ነው፣ ምርቱን ከዱከም፣ ንጣቱን ከማኛ ወረሰ። አዎ፣ ዱከም በሚለው ያንተው አገር ስም የሚጠራ ዝርያ አለ፣ አባትህ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። በደንብ ከተያዘ ገበሬ ማሳ ላይ በሄክታር 20 ኩንታል አካባቢ ይሰጣል። ግን ቁንጮም ይጋሽባል። አለመጋሸብ ላይ የተሰራበት በ2017 የወጣ ተስፋ የሚባል ዝርያ አለ፣ አንዱ ወላጁ በምርምር የተገኘ አጭር ጤፍ ነው። ታዲያ ለምን ሁሉንም አጭር አያደርጉትም ትለኝ ይሆናል። ጭዱስ? ገበሬው ፍሬውን ብቻ አይደለም የሚያጭደው፣ በሬው የሚከርመው በጤፍ ጭድ ነው፣ የቤቱ ግድግዳ ጭቃም ያለ ጤፍ ጭድ አይያዝም። እጅግ ያጠረ ጤፍ ብትሰጠው አመስግኖ ይመልስልሃል፣ ትክክልም ነው። አጥሮም ጭድ የሚሰጥ፣ ቆሞም ነጭ የሆነ፣ ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ማምጣት ነው ትግሉ። ኮምባይነሩ ላይ ደግሞ የፍሬው ማነስ አለ፣ በትንሿ ቀዳዳ ሁሉ ይፈሳል፣ የተነጠፈውንም ምላጩ አያነሳውም።

እስከዚያው ለመጪው ክረምት እንዲህ አድርጉ። በብተና በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር መበተን የተለመደ ነው፣ ብዙ ነው፣ ሲተፋፈግ አገዳው ይቀጥናል። በመስመር ከሆነ 5 ኪሎ ይበቃል፣ መስመሩ ጉልበት አይበቃንም ካላችሁም በብተናው ላይ ዘሩን ቀንሱ። ዩሪያውን ከግብርና ባለሙያው መጠን አታሳልፉ። የዝርያውንም ነገር ለመሬታችሁ፣ ለጥቁሩ መሬት፣ የቱ እንደሚስማማ ቀበሌ ካለው ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ።

አባትህ ደግሞ ለሚቀጥለው ኅዳር ይድረሱ እንጂ ይመለሳሉ። ግን አጨዳውን ይቀይሩ። አንድ ጉልበታቸው ስር ጆንያ አጥፈው ተንበርክከው ይጨዱ፣ ጉልበት ሲደክም ይቀያይሩ። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አምስት ጊዜ ወደ ኋላ ይለጠጡ፣ ነዶውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይሸከሙ። አንድ የማይመች ነገር አለ፣ ጤፉ እንዳይረግፍ ጤዛው ሳይደርቅ ማለዳ ነው የሚታጨደው፣ የወገብ ዲስክ ደግሞ ሌሊት ውኃ ጠጥቶ ስለሚያድር ከእንቅልፍ እንደተነሱ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ማጎንበስ አይስማማውም። ስለዚህ አጨዳው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ተነስተው ከብቱን እያዩ፣ እየተራመዱ ይቆዩና ነው ማጭድ የሚይዙት። ደቦም ከተጠራ ለሳቸው ነዶ ማሰሩንና መከመሩን ያፈራርቁላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ሆለታ አካባቢ የምኖር የ64 ዓመት ገበሬ ነኝ። ደህና የነበረ ስንዴ በአራተኛ ዓመቱ ዋግ በላው። ዘሩን በየዓመቱ ከራሴ ነው የማስቀረው። ጎረቤቶቼ ዘሩ አርጅቷል ይሉኛል፣ ስንዴ ያረጃል ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ ስንዴውስ አላረጀም፣ ዋጉ ነው የጎለመሰው። ስንዴም ጤፍም ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ስለሆኑ የዘንድሮው ፍሬ ካምናው አይለይም፣ ንጹህ አድርገው ካስቀሩት ዘር ሊሆን ይችላል፣ በየዓመቱ የሚገዛው ድቅል በቆሎ ነው። ዋግ ግን ፈንገስ ነው፣ በነፋስ ይመጣል፣ ራሱን ይቀያይራል፣ አንድ ዝርያ አገሩን ሲሞላው ያንን ዝርያ የሚሰብር ይነሳል። ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ያስታውሱታል፣ በፈረንጆቹ 2010 ቢጫ ዋግ ጨረሰው። ሰዉ ያንን ሸሽቶ ዲገሉ ወደሚባለው ገባ፣ ቢጫውን ይችል ነበር፣ በ2013 ደግሞ አርሲና ባሌ ላይ ሌላ አዲስ የግንድ ዋግ መጣና እሱንም ጣለው። ተመራማሪው ሁልጊዜ ሩጫ ላይ ነው፣ ዝርያ ባወጣ ማግስት ለሚቀጥለው ማዳቀል ይጀምራል።

እርስዎ ማድረግ የሚችሉት፣ ሁሉንም ማሳ አንድ ዝርያ አይዝሩ፣ ሁለት ያድርጉ። ምርምር ማዕከሉ ቅርብዎ ነው፣ ከመዝራትዎ በፊት ዘንድሮ የትኛው ዋግ እየቻለ እንደሆነ ይጠይቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማሳዎን በየሳምንቱ ዞር ብለው ይዩ፣ ቅጠሉን በጣትዎ ሲያሹት ቢጫ ዱቄት ካጎደፈዎት ሳይውል ሳያድር ለባለሙያው ይንገሩ፣ መድኃኒቱ የሚረዳው ገና ጥቂት ቅጠል ላይ እያለ ነው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነው የምኖረው፣ እንጀራ ጋግሬ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ወድቄ አንጓዬ ተሰብሮ ነበር፣ ጀሶው ከስድስት ሳምንት በኋላ ተፈታ፣ ግን እጄ አልታጠፍ አለ፣ ሊጥ ማቡካት አልቻልኩም። ፊዚዮቴራፒ ስሄድ ማሽን ሳያደርጉልኝ ስፖርት ብቻ አሳይተው ላኩኝ፣ ገንዘቤን በሉት እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ አልበሉሽም። ማሽኑ ያሞቃል፣ ያሳርፋል፣ እጅ የሚያጥፈው ግን እንቅስቃሴው ነው። ስድስት ሳምንት የታሰረ መገጣጠሚያ መድረቁ የሚጠበቅ ነው፣ አጥንቱ አልያዘም ማለት አይደለም። ጠዋት ማታ እጅሽን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ንከሪና እዚያው ውስጥ ጣቶችሽን ሙሉ በሙሉ ዝጊ ክፈቺ። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ክንድሽን አሳርፈሽ እጅሽን ከአንጓው ወደ ላይ ወደ ታች እጠፊው፣ ከዚያ በሌላው እጅሽ ትንሽ ገፋ እያደረግሽ ያዢው፣ መዳፍሽን ልመና እንደምትጠይቂ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ገልብጪው፣ ይቺ ብዙ ሰው የሚረሳት ናት፣ ምጣድ ላይ ማዞር የሚመልስልሽ እሷ ናት። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ የተጠቀለለ ካልሲ ጨብጪ፣ ከዚያ እርጥብ ፎጣ መጭመቅ፣ ከዚያ ትንሽ ሊጥ፣ የአንድ እንጀራ ያህል፣ ልጆችሽ የቀረውን እያቦኩልሽ። ስትሰሪ ህመም ይኖራል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከበረደ ግድ የለም፣ ሌሊት ካላስተኛሽ ግን አብዝተሻል ቀንሺ። እጅሽ ካበጠ፣ ቀለሙ ከተለወጠና ጨርቅ እንኳን ሲነካው እንደ እሳት ካቃጠለሽ ወዲያው ተመልሰሽ አሳዪ፣ ስፖርቱን ግን ፈርተሽ እንዳትተዪው፣ ያንን የሰጡሽን ወረቀት ማሰሻው ጎን ግድግዳ ላይ ለጥፊው።